በውቅያኖስ ዳርቻ ስለሚገኝ የባሉጥ ቁጥቋጦና ስለ አንዲት እንኮይ

ሰው ዐይኑ ያየውን ሁሉ ያወቀ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ከመሬት በላይ የሚታየው ከመሬት በታች ካለው ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት የሚሆንበት ጊዜ አለ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ያሉት ለችሎት ክርክር ብቻ መስሎን ብዙ ዘመን ኖርን። እኛ በአንድ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጸሐፊነት የምናገለግል፥ ዕድሜያችንም ከአርባ ያለፈ ስለ ሆንን ይህን ምሳሌ ከባለጉዳዮች አፍ በየጊዜው እንሰማዋለን። ትርጕሙን የተረዳነው ግን በችሎት አይደለም፤ ከአገራችን እጅግ በራቀ አሸዋማ ስፍራ፥ ከሰው ደረት በማያልፍ ቁጥቋጦ መካከል ቆመን ነው። ነገሩ ቤተ ሰብን የሚነካ ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

ታናሽ ወንድማችን በ1998 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። የሚኖረውም ፍሎሪዳ በሚባለው ግዛት፥ በምሥራቅ ዳርቻ፥ ታይተስቪል በምትባል ከተማ ነው፤ ሥራውም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሕሙማንን መርዳት ነው። አባታችን በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲያርፉ መርዶው በጊዜው ደረሰው፤ እርሱ ግን ለቀብርም ለተዝካርም አልመጣም። እኛም በኀዘንና በቍጣ ሁነን ደብዳቤ ጻፍንለት፤ በደብዳቤውም አባቱን ያልቀበረ ልጅ ከእንግዲህ ወዲያ ስለ አባቱ ቤት አይጠይቅ ብለን አሳሰብነው። መልስ አልመጣም። እኛም ሁለተኛ አልጻፍንም። እንዲሁ ሁነን ሰባት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር አንድ አጭር ደብዳቤ ደረሰን። ሴት ልጅ መውለዱን፥ በክርስትናዋም ቀን ከአባቷ ወገን አንድ ሰው ቢቆምላት እንደሚወድ፥ የመንገዱንም ወጪ እርሱ እንደሚችል ይገልጻል። ልባችን እሺ አላለም ነበር፤ ዳሩ ግን ባለቤታችን ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ «የሞቱትን ቀብረዋል፤ በሕይወት ያለውን አብረው አይቅበሩት» ስትለን አፈርን። ስለዚህ በመጋቢት ወር ተነሥተን ሄድን።

ወንድማችን በአክብሮት ተቀበለን። በመጀመሪያው ቀን ስለ መንገዱ፥ ስለ አገር ቤት ዝናም፥ ስለ ልጆቻችን ትምህርት ተነጋገርን፤ ስለ አባታችን ግን ከሁለታችን ማንም አላነሣም። በማግስቱ ማለዳ «ጋሼ፥ አንድ የማሳይዎ ነገር አለና እንሂድ» አለንና በመኪናው ይዞን ወጣ። ኢንዲያን ሪቨር የሚባለውን፥ ስሙ ወንዝ ሲሆን ጨዋማ የሆነውን ሰፊ ውኃ በድልድይ ተሻግረን ሜሪት ደሴት ደረስን።

(በዚህ ጽሑፍ ስለ አሜሪካ ነገር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ይህ ስፍራ ዓለም የሚያውቀው በሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ ባሰበ ጊዜ ከ1962 ጀምሮ የደሴቱን ሰሜናዊ ክፍል ከባለይዞታዎች ገዛ፤ በ1969 በጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎችም የተነሡት ከዚሁ ነው። መንኵራኵሩ የሚገጣጠምበት ቤት ቁመቱ 160 ሜትር ስለ ሆነ ከሩቅ ይታያል። መንግሥት ከገዛው መሬት ለሥራው የሚያስፈልገው ጥቂቱ ብቻ ስለ ነበር፥ በ1963 ቀሪው የአራዊትና የአዕዋፍ መጠበቂያ ሆነ፤ ስፋቱም ከ56,000 ሄክታር በላይ ነው። እንግዲህ ከዚያ ታላቅ ሕንጻ አጠገብ፥ እንግዳ ሰው ሁለተኛ የማያየው፥ ጭፍግግ ያለ ቁጥቋጦ አለ። ወንድማችን መኪናውን አቁሞ በአሸዋው መንገድ በእግር መራንና «ይህ ሁሉ የባሉጥ ዛፍ ነው» አለን።

እኛም ሣቅን። ባሉጥ ፈረንጆች ኦክ የሚሉት ዛፍ ነው፤ በአገራችን በተፈጥሮ አይበቅልም። በልጅነታችን በቄስ ትምህርት ቤት አብርሃም እንግዶቹን ስለተቀበለበት ስለ መምሬ አድባር ዛፍ ስንማር፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያ ዛፍ ባሉጥ ነው ሲሉን፥ በልባችን የሣልነው ጥላው ድንኳን የሚያስተክል ታላቅ ዋርካ የሚያህል ነበር። በፊታችን የቆመው ግን ፍየል አንገቷን ቀና አድርጋ ጫፉን የምትቀነጥሰው ቁጥቋጦ ነው። ወንድማችን ጐንበስ ብሎ አንዲት ፍሬ ከአሸዋው አንሥቶ ሰጠን፤ ቆብ የደፋች፥ የለሰለሰች፥ የጣት ጫፍ የምታህል የባሉጥ ፍሬ ነበረች። ከዚያ ወዲያ መሣቅ ተውን።

በዚያ ስፍራ ሦስት ዓይነት ባሉጥ ተደባልቆ ይበቅላል። አንደኛው ቅጠሉ ትንሽና ክብ ሁኖ የሚያንጸባርቅ ነው፤ ሴቶቻችን ለራስ ቅቤ የሚጨምሩትን አደስን ስለሚመስል የስሙ ትርጕም አደስ ቅጠል ማለት ነው። ሁለተኛው የአሸዋ ባሉጥ ይባላል፤ የቅጠሉ ዳር ወደ ታች ተጠቅልሎ የተገለበጠች ታንኳ ይመስላል፥ ከበታቹም አመድማ ጠጕር አለው። ሦስተኛው ቻፕማን በሚባሉት ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ስም የተጠራ ነው፤ እኚህም ሰው የደቡቡን የአሜሪካ ክፍል ዕፀዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1860 ያሳተሙ ናቸው። በባሉጦቹ መካከል ግንዱ እንደ እባብ በምድር ላይ የሚሳብ፥ የቅጠሉም ዘንግ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው አጭር ዘንባባ አለ። ከበታቹ ዝገት የቀባው የሚመስል ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ፥ ከጉልበት በታች ሁኖ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ የሚያፈራ ሌላ ቁጥቋጦ፥ የበለስ ቁልቋልም አለ። ባዶ በሆነው አሸዋ ላይ ደግሞ ሲረግጡት የሚንኰሻኰሽ፥ የሽማግሌ ሽበት የመሰለ አመድማ ነገር ተነጥፏል።

መሬቱ ድኻ ነው። በጥንት ዘመን የባሕሩ ዳርቻ በዚያ ሳለ ነፋስና ማዕበል የቈለሉት የአሸዋ ጋራ ነበር፤ ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ዝናሙ ለብዙ ሺህ ዓመት እያጠበ ለምነቱን ወሰደውና ነጭ አሸዋ ብቻ ቀረ። ዝናሙ የዘነበ እንደ ሆነ አሸዋው ፈጥኖ ያሰርገዋል። ጨው ያዘለ የባሕር ነፋስም ይመታዋል። ስለዚህ ቅጠሎቹ ሁሉ ውኃ እንዳይባክንባቸው ጠንካሮች፥ ትንንሾችና እንደ ቍርበት የወፈሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ ወደ ላይ መዘርጋት ትርፍ ስለሌለው ባሉጡ ሀብቱን በታች አደረገ። ሥሩና ከአፈር በታች የሚሄደው ግንዱ ተያይዞ ይዘረጋል፤ ከላይ ሃምሳ ቁጥቋጦ መስሎ የሚታየው ከታች አንድ ዛፍ ሊሆን ይችላል።

ይህም የሚታወቀው በእሳት ጊዜ ነው። ፍሎሪዳ በበጋቸው መብረቅ የሚበዛበት አገር ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ያን ዱር እሳት ይበላዋል፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ቢቃጠል ልማዱ ነው። እሳቱ ካለፈ በኋላ የሞተ ይመስላል፤ ዳሩ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዘንባባው ከመካከሉ አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል፥ ባሉጡም ከሥሩ ያቈጠቍጣል፥ ሦስት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላም እንደ ገና ያፈራል። እኛም በጥንቃቄ የተቃጠለ አንድ ክፍል አየን፤ ጥቁር እንጨት እንደ ጦር ቆሟል፥ ከእግሩ ግን ቀላ ያለ ለጋ ቅጠል ወጥቷል። ሊቃውንትም በዚሁ ደሴት በ1996 ቁጥቋጦውን ካቃጠሉ በኋላ ጣሪያ የሌላቸው የሚያሳልፉ ጓዳዎች ሠርተው፥ አየሩን እየለዋወጡ፥ ከሥሩ እንደ ገና የወጣውን ባሉጥ እስከ 2007 ድረስ ሲመረምሩ ኖረዋል።

የሰው ጥንቃቄ ግን አንዳንድ ጊዜ ጥፋት ይሆናል። መሬቱ ለመንኵራኵሩ ሥራ ከተወሰደ በኋላ እሳት የተባለ ሁሉ እንዳይነሣ ለብዙ ዓመት ተከለከለ። ባሉጡም ከልኩ በላይ ረዘመ፥ ግንዱ ወፈረ፥ በመካከል የነበረው ባዶ አሸዋ ተዘጋ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ጠባቂዎቹ ስሕተቱን ተረድተው በዘዴ ማቃጠል ሲጀምሩ፥ እጅግ የቆየው ክፍል እሳቱን እሺ ብሎ አልተቀበለም፤ ስለዚህ አስቀድመው በመኪና እየቈረጡ ኋላ ማቃጠል ግድ ሆነባቸው። በጊዜው ቢሆን በጥቂት እሳት ያልቅ የነበረ ነገር፥ ስለ ዘገየ ብረት አስፈለገው።

ይህ ዱር የማን ቤት እንደ ሆነ ወንድማችን ሊነግረን ሲል እንግዳው ራሱ መጣ። ከርግብ የሚቀጥን፥ ጅራቱ ረዘም ያለ፥ ራሱና ክንፉ ሰማያዊ፥ ጀርባው ግራጫ የሆነ የቁራ ወገን ወፍ ከባሉጡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ተመለከተን። ይህ ወፍ ከፍሎሪዳ በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ የለም፤ ቁጥሩ እያነሰ ስለ ሄደም በ1987 በሕግ እንዲጠበቅ ተደርጓል። ግሌን ዉልፈንደን የሚባሉ ሊቅ ከ1969 ጀምሮ በፍሎሪዳ መካከል በሚገኘው በአርችቦልድ የምርምር ጣቢያ ኑሮውን ተከታትለው፥ ከጆን ፊትዝፓትሪክ ጋራ በ1984 መጽሐፍ አውጥተዋል። የዚህ ወፍ ልጆች ክንፍ ካወጡ በኋላ ወዲያው አይበተኑም፤ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከአባትና ከእናታቸው ጋራ ተቀምጠው ታናናሾቻቸውን ይመግባሉ። ሌሎቹ ሲበሉ አንዱ ከፍ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ዘብ ይቆማል፤ ጭልፊት ሲመጣ ይጮኻል። አንድ ቤተ ሰብ 10 ሄክታር ያህል ይዞ ድንበሩን ይጠብቃል፤ ወንዱም ልጅ አንዳንድ ጊዜ ከአባቱ መሬት ከፍሎ ይጐጆበታል። እያንዳንዱ ወፍ በዓመት ከ6,000 እስከ 8,000 የባሉጥ ፍሬ በአሸዋ ውስጥ ይቀብራል፤ በክረምት እያወጣ ይበላል፥ የረሳውም ይበቅላል። ባሉጡ ከመጠን በላይ የረዘመ እንደ ሆነ ግን ጭልፊቱ መደበቂያ ያገኛል፥ ቤተ ሰቡም ይጠፋል።

እኛ የውርስ ክርክር በየቀኑ የምንመዘግብ ስለ ሆንን፥ ታላላቆች ታናናሾችን ሲመግቡና መሬት ያለ ጠብ ሲከፈል መስማት ደስ አሰኘን፤ ደስታችን ግን ወዲያው ወደ ኀፍረት ተለወጠ። ወንድማችን ከመንገዱ ዳር ቆሞ «ጋሼ፥ ይህችን ያውቋታል?» አለን።

እሾኻም ቅርንጫፍ፥ ሞላላ ቅጠል፥ ጠጕር ያለው ትንሽ አበባ፥ ደስ የሚያሰኝም ሽታ ነበራት። አንዲት ያልበሰለች ፍሬም በቅጠሉ ውስጥ ተሸሽጋ ነበር። እንኮይ ናት። በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ከብት ስንጠብቅ እየለቀምን የበላናት፥ እናታችንም የፍሬዋን ዘይት ለቍርበት ማለስለሻ የምታወጣባት፥ ያችው እንኮይ። በአፍሪካም በአሜሪካም በገዛ ራሷ የምትበቅል ናት፤ ሊኔዎስ የተባለው ሊቅ በ1753 ስሟን ሲጽፍ አሜሪካዊት ብሏታል። ወንድማችን ከዱሩ ጠባቂዎች እንደ ሰማው፥ ሥሯን ከጎረቤቶቿ ሥር ጋራ አያይዛ ውኃና ጨው ከእነርሱ ትካፈላለች፤ የራሷም አረንጓዴ ቅጠል ስላላት ምግቧን ደግሞ ራሷ ታዘጋጃለች። «እኔም በሰው አገር እንደዚሁ ነኝ» አለና ጥቂት ዝም አለ።

ከዚያም ቃሉን ሰጠ። «አባባ ያረፉ ጊዜ የመኖሪያ ፈቃዴ ነገር ገና በእንጥልጥል ነበር። ያን ጊዜ ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም፤ ለሕክምናቸው የላክሁትም ገንዘብ ብድር ስለ ነበረ ዕዳው በአንገቴ ላይ ነበር። መርዶውን በሰማሁ ቀን የማለቅስበት ሰው አጥቼ ወደዚህ መጣሁ። ይህችን እንኮይ ያገኘኋት ያን ቀን ነው። ፍሬዋ በስሎ ነበርና አንዲት በልቼ፥ ከሥሯ ተቀምጬ እስኪመሽ አለቀስሁ። የአባባ ቀብር ለእኔ ይህ ነው።»

ገንዘቡ መላኩን እናውቅ ነበር፤ ብድር መሆኑን ግን አናውቅም ነበር። «ታዲያ ስለ ምን አልጻፍህልንም?» አልነው።

«ልጽፍ ሳስብ የእርስዎ ደብዳቤ ቀድሞ ደረሰኝ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የመከላከያ መልስ አይቀበሉም ብዬ ተውሁት» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ ሃያ ዓመት ያህል «ባላጋራው ቀርቦ ቃሉ ይሰማ» የሚለውን ትእዛዝ በገዛ እጃችን ስንጽፍ ኖረናል። ባልቀረበ ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ፥ ሰውየው በቂ ምክንያት እንዳለው ካስረዳ እንደሚነሣለት ሕጉ ይፈቅዳል። ለማናውቀው ባለጉዳይ ሁሉ ያላጐደልነውን ለእናታችን ልጅ ነፈግነው። በዚያ አሸዋ ላይ ቆመን ይቅርታ ለመንነው፤ እርሱም ጐንበስ ብሎ ጉልበታችንን ሊስም ሲል ያዝነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ተመልሰን ስንሄድ «በአባባ ይዞታ ድንበር ላይ የነበረችው እንኮይ እንደምን ናት? ልጄ ከፍ ስትል ላሳያት እወዳለሁ» ብሎ ጠየቀን። ያቺን እንኮይ በ2010 ዓ.ም. የማትረባ ቁጥቋጦ ናት ብለን ከሥሯ አስነቅለን ባሕር ዛፍ ተክለንበታል። ልንዋሸው ፈለግን፤ ምላሳችን ግን እምቢ አለን። እውነቱን በነገርነው ጊዜ አልተቈጣም፤ መስኮቱን እያየ እስከ ቤቱ ድረስ ሳይናገር ነዳ። ማታ ሕፃኒቱን አምጥቶ በጭናችን ላይ አስቀመጣትና «እንግዲያስ እርስዎ ይትከሉላት» አለን።

ክርስትናዋ በደኅና ተፈጽሞ ወደ አገራችን ተመለስን። በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ ወደ ትውልድ መንደራችን ሄደን ከድንበሩ ላይ ሰባት ባሕር ዛፍ አስቈረጥን፤ ጎረቤቶቻችን ገንዘብ የሚያወጣ እንጨት ለምን ታጠፋላችሁ ብለው ገረማቸው። ከበረሃው አፋፍ አራት የእንኮይ ፍሬ አስመጥተን፥ ብቻዋን እንዳትሆን ከሌላ ቁጥቋጦ አጠገብ በእጃችን ዘራን። ሁለቱ በቀሉ። ዛሬ ከጉልበት አያልፉም፤ ፍሬ እስኪሰጡም ጊዜ ይፈጃሉ። ወንድማችን በሚጽፍልን ደብዳቤ ሁሉ ከጤና ጥያቄ ቀጥሎ የሚያነሣው የእነርሱን ነገር ነው።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ ይልቁንም በሰው ላይ የመፍረድና የማዘዝ ሥልጣን የተሰጣችሁ፥ ከልምዳችን አንድ ቃል ለማሳሰብ ይፈቀድልን። በቤት ውስጥ ቅሬታ የተነሣ እንደ ሆነ ገና አጭር ሳለ በግልጽ ተነጋግራችሁ አቃጥሉት፤ ሥሩ ደኅና ከሆነ ቤተ ሰቡ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በዝምታ ያሳደጋችሁት እንደ ሆነ ግን እሳት የማይበቃው፥ ብረት የሚያስፈልገው ዱር ይሆናል። ከሩቅ አገር ያለ ልጃችሁም ሳይመጣ ቢቀር፥ ከመፍረዳችሁ በፊት ያልመጣበትን ምክንያት ከአፉ ጠይቁት።